የብረቱ ታሪክ ተነገረ፤ የሰውየውስ?

በጥር ወር 2016 ዓ.ም. «ፀሐይ» የተባለችው ትንሽ አይሮፕላን ከኢጣልያ ወደ አገሯ ተመልሳለች። ይህች አይሮፕላን በ1928 ዓ.ም. ወራሪው ጦር በሰሜን በኩል ሲገሠግሥ ሳለ ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ዌበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር እዚሁ አዲስ አበባ የሠራት ናት። ስሟም የተወሰደው ከንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ከልዕልት ፀሐይ ነው። ኢጣልያኖች ማርከው ወሰዷት፤ በሙዚየማቸውም ለብዙ ዓመታት አቆሟት። መመለሷ ደስ ያሰኛል፤ በዚህ ቅር የሚለው ኢትዮጵያዊ ይኖራል ብዬ አላስብም። ነገር ግን ደስታችን ሳይበርድ አንድ ጥያቄ እንጠይቅ። ከመሐንዲሱ ጋር ያን ክንፍና ያን ሞተር የገጣጠሙት ኢትዮጵያውያን ስማቸው ማን ይባላል? ከመካከላችን አምስቱን ቀርቶ አንዱን መጥራት የሚችል ስንት ሰው አለ?

የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ይኸው ነው። የኢትዮጵያ አየር ኃይል ታሪክ እስከ ዛሬ በአብዛኛው የሚነገረን በአይሮፕላን ዓይነት ነው። ፖቴዝ መጣ፤ ሳብ መጣ፤ ኤፍ-86 መጣ፤ ኤፍ-5 መጣ፤ ሚግ መጣ፤ ሱኮይ መጣ እየተባለ እንደ ግምጃ ቤት መዝገብ ይቆጠርልናል። ሆኖም አይሮፕላን ያለ ሰው የቆመ ብረት ነው። ታሪኩ ሙሉ የሚሆነው ሦስት ወገኖች ሲጻፉ ነው፤ አንደኛው ያበረረው፣ ሁለተኛው መሬት ላይ ሆኖ የጠገነው፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሥር ሆኖ ቦምቡ የወረደበት ነው። ይህንንም መንግሥት እስኪጽፈው መጠበቅ የለብንም፤ የተማሪዎች ሥራ ነው።

ከመነሻው እንጀምር። የመጀመሪያው አይሮፕላን ፖቴዝ 25 በፈረንሳዊው አንድሬ ማዬ ነጂነት አዲስ አበባ የደረሰው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው። ጥቂት ቀናት ቆይቶም ዩንከርስ የተባለው የጀርመን አይሮፕላን ተከተለው። ስምንት ወር ሳይሞላ፣ መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. በአንቺም ጦር ሜዳ፣ ይኸው አዲስ መሣሪያ በራስ ጉግሣ ወሌ ጦር ላይ ወጣ። አስቀድሞ የውግዘት ወረቀት በተነ፤ ቀጥሎም ቦምብ ጣለ። ራስ ጉግሣም በውጊያው ወደቁ። ልብ በሉ፤ የኢትዮጵያ አይሮፕላን መጀመሪያ ቦምብ የጣለው በባዕድ ጦር ላይ ሳይሆን በኢትዮጵያውያን ላይ ነው። ይህን የምለው በዚያ ጠብ ውስጥ ማን ትክክል ነበር ብዬ ለመፍረድ አይደለም። ነገር ግን «ይህ መሣሪያ በማን ላይ ይዞራል?» የሚለው ጥያቄ ከአየር ኃይሉ ጋር አብሮ የተወለደ ነው፤ እስከ ዛሬም አልተለየውም።

አይሮፕላኑ በመጣ በዓመቱ ገደማ ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው አሊ መብረር ቻሉ። ባሕሩ ካባን የመሰሉ ሌሎችም ተከተሉ። ሙሉ እመቤት እምሩ የተባለች ወጣት ሴትም የበረራ ትምህርት ጀምራ ነበር፤ የኢጣልያ ወረራ አቋረጠባት። ዛሬ በዚህ ግቢ ውስጥ የምሕንድስና ትምህርት የምትከታተለው እኅታችን ከዘጠና ዓመት በፊት በአዲስ አበባ ሰማይ ላይ ለመብረር የተነሣች ሴት እንደ ነበረች በትምህርት ቤት ተነግሯት ይሆን? እጠራጠራለሁ።

በ1927 ዓ.ም. ደግሞ ጆን ሮቢንሰን የተባለ ጥቁር አሜሪካዊ አብራሪ አገሩን ትቶ መጣ። በአገሩ በቀለሙ ምክንያት ብዙ በር የተዘጋበት ሰው ነበር፤ እዚህ ግን የአየር ኃይሉ አዛዥ ሆነ። ያዘዘው ኃይል እጅግ ትንሽ ነበር። አይሮፕላኖቹ በጣት የሚቆጠሩ፣ ለውጊያም የማይሆኑ ስለ ነበሩ መልእክትና መድኃኒት ከማመላለስ በቀር ሌላ ሥራ ሊሠሩ አልቻሉም። በአንጻሩ የኢጣልያ አይሮፕላኖች በመቶ የሚቆጠሩ ነበሩ። በወታደሩ፣ በገበሬውና በከብቱ ላይ የመርዝ ጋዝ አዘነቡ። ንጉሠ ነገሥቱ በሰኔ 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ለዓለም መንግሥታት ማኅበር ካቀረቡት ክስ አንዱ ዋና ክፍል ከሰማይ ስለ ወረደው ስለዚሁ መርዝ ነበር። እንግዲህ ከአይሮፕላን ሥር መሆን ምን ማለት እንደ ሆነ ለዓለም የመሰከረች አገር ኢትዮጵያ ናት። ይህን ምስክርነት ኋላ በራሳችን አይሮፕላኖች ላይ ማንሣት ለምን እንደሚከብደን መጠየቅ ይገባናል።

ከነጻነት በኋላ አየር ኃይሉ በቢሾፍቱ እንደ አዲስ ተቋቋመ። ሮቢንሰን በ1936 ዓ.ም. ተመልሶ ወጣቶችን ያሠለጥን ጀመር፤ በ1946 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በደረሰበት የአይሮፕላን አደጋ ሞተ፤ እዚሁም ተቀበረ። በወረራው ጊዜ በቀይ መስቀል አምቡላንስ አይሮፕላን ያገለገለው ስዊድናዊው ካውንት ካርል ጉስታፍ ቮን ሮዘንም ከ1938 ዓ.ም. ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል ትምህርቱን መራ። እርሱም በሐምሌ 1969 ዓ.ም. ለረሃብተኞች ርዳታ ሲያደርስ ጎዴ ላይ ተገደለ። የስዊድን ሳፊርና ሳብ 17፣ ኋላም የአሜሪካ ቲ-33ና ኤፍ-86 የገቡት በዚህ ዘመን ነው። ዋናው ነገር ግን የመጡት አይሮፕላኖች ሳይሆኑ የወጡት ሰዎች ናቸው። ከየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ተመርጠው የገቡ ልጆች የሞተርን፣ የሬዲዮንና የአየር ጠባይን ዕውቀት ቀሰሙ። በ1954 ዓ.ም. አራት ኤፍ-86 አይሮፕላኖች ከነአብራሪዎቻቸውና ከነመካኒኮቻቸው በተባበሩት መንግሥታት ሰንደቅ ሥር ኮንጎ ዘምተዋል። ከሠላሳ ዓመት ባነሰ ጊዜ ከመልእክት አመላላሽነት ወደዚህ መድረስ ቀላል አይደለም።

ነገር ግን ያው የተወለደበት ጥያቄ ተከትሎታል። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መኮንኖች መንግሥት ለመገልበጥ ሲነሡ አየር ኃይሉ ከጦር ሠራዊቱ ጋር ሆኖ ለዙፋኑ ቆመ። አይሮፕላኖቹ በከተማዋ ላይ በረሩ፤ ልክ እንደ አንቺም የፓትርያርኩ የውግዘት ወረቀት ከሰማይ ተበተነ። ታኅሣሥ 6 ቀን የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ለለውጡ ድጋፋቸውን ለመግለጽ ሰልፍ ወጥተው ነበር። ታጋቾቹ መሳፍንትና ሚኒስትሮች የተረሸኑበት ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መጻሕፍት ያሉበት ቤት ነው። እስቲ አስቡት፤ ከአንድ ዓይነት ትምህርት ቤት የወጡ እኩዮች፣ ገሚሶቹ ከላይ፣ ገሚሶቹ ከታች! የታቹን ወገን ታሪክ የተማሪዎች ንቅናቄ ብለን ደጋግመን ጽፈነዋል። የላዩ ወገን ልጅ በዚያ ቀን ምን አሰበ? ማን ጠየቀው?

ወደ ኦጋዴን ጦርነት እንለፍ። በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ሲገባ አሜሪካ የጦር መሣሪያ ርዳታዋን አቋርጣ ነበር። ቁጥራቸው ጥቂት የሆነ ኤፍ-5 አይሮፕላኖች የሶማሊያን ሚጎች በአየር ላይ ገጥመው አሸነፉ። ለገሠ ተፈራ፣ ባጫ ሁንዴ፣ አሸናፊ ገብረ ጻድቅና ሌሎችም ስማቸው የታወቀው በዚህ ጊዜ ነው። ለገሠ አይሮፕላኑ ተመትቶ ተማረከና ለ11 ዓመት ያህል በሶማሊያ እስር ቤት ቆየ። እኒህን ጀግኖች ማክበር ይገባል። ይሁን እንጂ መለዋወጫ ከውጭ በተቋረጠበት ጊዜ እኒያን አይሮፕላኖች ሌሊት ሲጠግኑ አድረው ለማለዳ በረራ ያደረሱት መካኒኮችስ? የጦር መሣሪያ ጫኞቹስ? የሬዲዮ ሠራተኞቹስ? አንድ አብራሪ ወደ ሰማይ ሲወጣ ሕይወቱን ለመካኒኩ አደራ ሰጥቶ ነው። እኛ ግን የመካኒኩን ስም ለመጠየቅ እንኳ አልደከምንም።

ሌላው የታሪኩ መራራ ክፍል መንግሥት በተለወጠ ቁጥር የደረሰው ነው። በግንቦት 1981 ዓ.ም. የተሞከረው የመንግሥት ግልበጣ ሲከሽፍ የአየር ኃይሉ አዛዥ ጄኔራል አምኃ ደስታ ሕይወታቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ፤ የቀድሞው አዛዥ ጄኔራል ፋንታ በላይም በእስር ላይ ሳሉ ተገደሉ። በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ሠራዊቱ ተበተነ፤ በሕዝብ ገንዘብ በብዙ ዓመት የሠለጠኑ ባለሙያዎች ገሚሶቹ ተሰደዱ፤ ገሚሶቹ በየካምፑ ታሰሩ። ሰባት ዓመት ሳይሞላ ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ አገሪቱ የበተነቻቸውን መልሳ ፈለገች። ኮሎኔል በዛብህ ጴጥሮስ ቀድሞም በኤርትራ ተማርከው የተለቀቁ ሰው ነበሩ። በ1990 ዓ.ም. አስመራ ላይ አይሮፕላናቸው ተመትቶ ለሁለተኛ ጊዜ ተማረኩ። በ2010 ዓ.ም. ሁለቱ መንግሥታት ሰላም ሲያወርዱ ሕዝቡ «በዛብህስ?» ብሎ ጠየቀ፤ ዕጣቸው ግን በግልጽ ሳይነገር ቀረ። ለአንድ አይሮፕላን መመለስ ደስ የሚላት አገር የአንድን ሰው መመለስ ወይም የመጨረሻ ዕጣውን ማወቅ ከዚያ ሊበልጥባት አይገባምን?

አሁን ሦስተኛውን ወገን እናንሣ። ሰኔ 15 ቀን 1980 ዓ.ም. ረቡዕ፣ በገበያ ቀን፣ የመንግሥት አይሮፕላኖች በትግራይ የሐውዜንን ገበያ ደበደቡ፤ እህል ሊሸጥና ሊሸምት የወጣ ብዙ ሰው አለቀ። በ33 ዓመቱ፣ በዚያው ሰኔ 15 ቀን፣ በ2013 ዓ.ም. ቶጎጋ የተባለች የትግራይ መንደር ከአየር ተመታች። የሠራዊቱ ቃል አቀባይ የተመቱት ታጣቂዎች ናቸው አሉ፤ ነዋሪዎችና የሕክምና ሠራተኞች ግን የሞቱት ገበያተኞች መሆናቸውን መሰከሩ። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» ይላል ያገራችን ሰው። በቢሾፍቱ የሚነገረው ታሪክና በሐውዜን የሚነገረው ታሪክ በአንድ መጽሐፍ ውስጥ እስካልገቡ ድረስ ሁለት የተለያዩ አገሮች ታሪክ ሆነው ይቀራሉ። እኛስ የየትኛው አገር ተማሪዎች ልንባል ነው?

ይህን ሐሳብ የሚቃወሙ እንዳሉ ይገባኛል። አንዳንዶቹ «የጦር ምስጢር ነው» ይላሉ። ሳብ 17 አገልግሎቱን ካቆመ ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ ሆኖታል፤ የፖቴዝ ምስጢር ማንን ይጎዳል? የምንጠይቀው ዛሬ የት ምን አይሮፕላን ቆሟል ብለን አይደለም፤ ትናንት ማን ምን ሠራ፣ ማንስ ምን ደረሰበት ብለን ነው። ሌሎች ደግሞ «የሐውዜንን ነገር ማንሣት ጀግኖቹን ማዋረድ ነው» ይላሉ። እኔ ግን ተቃራኒውን እላለሁ። ጀግናውን የሚያዋርደው ሁሉን በአንድ ከረጢት ከትቶ መዝጋት ነው። የአገር ድንበር የጠበቀውና ገበያ እንዲደበደብ ያዘዘው በስማቸውና በቀናቸው ተለይተው ካልተጻፉ የአንዱ ክብር ለሌላው መሸፈኛ፣ የአንዱ ነውር ለሌላው መጠቆሪያ ይሆናል። ሦስተኞቹ «ይህ የተማሪ ሥራ አይደለም» ባዮች ናቸው። ታዲያ የማን ነው? መንግሥት ሁሉ የሚጽፈው የራሱን ምዕራፍ ነው፤ ያለፈውንም ምዕራፍ ይቀዳል። የዙፋኑ ዘመን የሸለመውን ደርግ ጣለው፤ ደርግ የሸለመውን ተከታዩ አሰረው። በዚህ ዓይነት የተጻፈ ታሪክ እምነት አይጣልበትም።

ስለዚህ ለኅብረታችን የሚከተለውን ሐሳብ አቀርባለሁ። በመጪው የክረምት ዕረፍት የታሪክ፣ የሕግና የምሕንድስና ተማሪዎች በቡድን በቡድን ሆነው ይውጡ። አንዱ ቡድን ወደ ቢሾፍቱ ሄዶ በጡረታ ያሉትን አብራሪዎችና መካኒኮች፣ የሞቱትንም ሚስቶችና ልጆች ያነጋግር። ሌላው ወደ ሐውዜንና ወደ ኦጋዴን ሄዶ ከሥር ሆነው ያዩትን ይስማ። ቃላቸው በድምፅ ይቀረጽ፤ የቆዩ ፎቶግራፎችና ደብዳቤዎች ይገልበጡ። የተሰበሰበውም ለገነተ ልዑል ቤተ መጻሕፍት ይሰጥ፤ ማንም እንዲያነበው ይከፈት። ለዚህ ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የአውቶቡስ ዋጋ፣ ደብተርና ትዕግሥት ይበቃል። ሽማግሌ ሲያነጋግሩ ፈራጅ ሆኖ መሄድ ግን አይገባም፤ እየጠየቁ መስማት፣ የሰሙትንም ከሌላው ቃል ጋር ማመሳከር ነው እንጂ።

ጊዜው እየሄደ ነው። በኦጋዴን ዘመን የሃያ አምስት ዓመት ወጣት የነበረው አብራሪ ዛሬ ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በ1953 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ላይ የበረረው በሕይወት ካለ ከሰማንያ አልፏል። በየሳምንቱ አንድ ቀብር አንድ መጽሐፍ ይዞ ይሄዳል። ፀሐይን ከኢጣልያ ለማስመለስ ከሰማንያ ዓመት በላይ ከፈጀ፣ ሰዎቹን ከመቃብር የሚያስመልስ መንግሥት የለምና በሕይወት ሳሉ እንስማቸው።