በገዳይ መሳቅ ነውር ነው ላላችሁ

ቀራንዮ የሚኖር ጓደኛዬ የፊልም ስክሪፕት ጽፎ አስነበበኝ። በሰፈሩ ሰው በላይ በላዩ ይሞታል። ገዳዩ የእድሩ ጸሐፊ ነው። ድንኳኑን ቀድሞ የሚያስተክለው እሱ፣ ጥሩምባ ነፊውን በሌሊት የሚቀሰቅሰው እሱ፣ ከሟች እናት በላይ ደረቱን የሚደቃው እሱ። አንድ ቀን ጥሩምባ ነፊውን ራሱን ይገድለውና «አሁን ማን ሊለፍፍልን ነው?» ብሎ ከልቡ ያዝናል። እዚህ ጋ ሳልወድ ሳቅኩ። ወዲያው ደግሞ ፈራሁ።

ጓደኛዬ ብዙ በር አንኳኳ። አንዱ ፕሮዲውሰር «ፍቅር ጨምርበት» አለው። ሌላው «ሀገር እየደማ በሞት ይቀለዳል?» ብሎ መለሰው። የመጀመሪያውን እተወዋለሁ፤ ነጋዴ ነው። ጠቤ ከሁለተኛው ጋር ነው፤ መልሱ ጨዋ ስለሚመስል ብዙዎቻችሁ እንደምትስማሙበት አውቃለሁ።

በሞት አንቀልድም? ለቅሶ ቤት አምሽቶ የማያውቅ ሰው ካለ ይህን ይበል። ድንኳን ውስጥ ካርታ እየተጫወተ፣ የሟቹን የድሮ ጉድ እያነሳ የማይስቅ ማን ነው? ሐዘንተኛውን ፈገግ ያሰኘ ሰው ይመሰገናል እንጂ አይወቀስም። ያ ሳቅ ሟቹን አላዋረደም።

ነውራችን ሌላ ቦታ ነው። በፉከራና በቀረርቶ «ገዳይ» የሙገሳ ቃል ነው። ዛሬ ቃሉን ቀየርን እንጂ ልማዱን አልተውንም። የገደለው የኛ ወገን ከሆነ «ጀግና»፣ የነሱ ከሆነ «አረመኔ»። ሁለቱም ገዳዩን ያገዝፉታል። የሚያሳንሰው ሳቅ ነው።

የድሮ ሰዎች ይህን ያውቁ ነበር። «አያ ጅቦ ሳታመሃኝ ብላኝ» ሲሉ አስፈሪውንም አስቂኙንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናግረውታል። ጅቡ ሊበላ ቆርጧል፤ ግን ምክንያት ይደረድራል። ተበዪው ከጥርሱ ይልቅ ምክንያቱ ሰልችቶታል። ታሪካችንም ይኸው ነው። መንግሥቱ ኃይለማርያም በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. አብዮት አደባባይ ላይ ደም መሳይ ፈሳሽ የሞላባቸውን ጠርሙሶች ሲከሰክሱ ማመኻኛቸው አብዮቱ ነበር። በዚያ ዘመን የልጃቸውን አስከሬን ሊወስዱ ሄደው «የጥይቱን ዋጋ ክፈሉ» የተባሉ ወላጆች ነበሩ። ጓደኛዬ ይህን ስክሪፕቱ ውስጥ ቢያስገባው «አጋነንከው» ይሉት ነበር።

በ1992 እ.ኤ.አ. ቤልጅየም ውስጥ ጥቂት ወጣቶች በትንሽ ገንዘብ፣ በጥቁርና ነጭ፣ እንዲህ ያለ ፊልም ሠርተዋል። የፈረንሳይኛ ርዕሱ «እዚሁ አጠገባችሁ የሆነ» እንደማለት ነው። ካሜራ የያዙ ልጆች አንድ ወሬኛ ነፍሰ ገዳይ እየተከተሉ ይቀርጹታል። መጀመሪያ ያያሉ። ቀጥሎ ሬሳ በመሸከም ያግዙታል። በመጨረሻ አብረውት ወንጀል ይሠራሉ። ተመልካቹ ሲስቅ ቆይቶ፣ እሱም ከካሜራው ጀርባ እንደቆመ ይገባዋል።

አሁን ወደ ራሳችን። ይህን የምታነቡት ቴሌግራም ላይ ነው። እዚሁ፣ ከዚህ ጽሑፍ ጥቂት ከፍ ወይም ዝቅ ብላችሁ፣ እውነተኛ ሰው ሲገደል የሚያሳይ ቪዲዮ ታገኛላችሁ። «ልበ ደካሞች እንዳታዩት» ይባልና ይሰራጫል። እኔም ጋዜጠኛ ነኝ ባይ «ለመረጃ ያህል» ብዬ አስተላልፌ አውቃለሁ። የሟቹን እናት ማንም አላስፈቀደም። በሞት አይቀለድም ያለኝ ሰው ይህን ስናደርግ የት ነበር? ሰው ያልሞተበት፣ ደሙ የምግብ ቀለም የሆነበት ፊልም ነውር ሆኖ፣ እውነተኛው ደም መረጃ የሚሆነው በየትኛው ባህል ነው?

ገንዘብ የለም እንዳትሉኝ። ኡጋንዳ፣ ካምፓላ ዳር ባለችው ዋካሊጋ ሰፈር፣ ይስሐቅ ናብዋና «ካፒቴን አሌክስን ማን ገደለው?» የተባለውን ፊልም ከ200 ዶላር ባነሰ ወጪ እንደሠራው ይነገራል። መሣሪያዎቹ ከቁርጥራጭ ብረት የተበየዱ ናቸው። ተራኪው በየግድያው ላይ እየቀለደ ይሄዳል። ፊልሙ ካፒቴኑን ማን እንደገደለው ሳይነግረን ያልቃል። ይህም ለኛ እንግዳ አይደለም፤ ስንቱ ሬሳ ነው ገዳዩ ሳይታወቅ የተቀበረው?

ቀራንዮ ማለት የራስ ቅል ማለት ነው። ሰፈሩ ስሙን ሳይፈራ ይኖርበታል። ጓደኛዬም ፍቅር አልጨምርም ብሎ በስልኩ ሊቀርጸው ተነስቷል፤ የቸገረው የሚያውሰው ድንኳን ብቻ ነው።

ከናንተ የምጠይቀው ትንሽ ነው። የእውነተኛ ሰው ሞት ቪዲዮ ሲደርሳችሁ እናንተ ጋ ይቁም፤ ለሌላ አትላኩት። የውሸቱ ሲመጣ ግን ቲኬት ቆርጣችሁ ግቡና በገዳዩ ሳቁበት።