ከፍ ከማስደረግ ማደስ ይቅደም

«ከፍ ተደርጓል» የሚለው ቃል በላንድክሩዘርና በሂሉክስ ሻጮች ዘንድ ዋጋ መጥሪያ ነው። ባሌስትራ የተጨመረለት፣ ከሞላው ጋር ታኮ የገባለት፣ ትልልቅ ጎማ ያጠለቀ መኪና ቆሞ ሲያዩት ያምራል። ገዢው ዙሪያውን ዞሮ ቁመቱን ያደንቃል፤ ጎንበስ ብሎ ከሥሩ የሚያይ ግን ጥቂት ነው። ኪሣራው ያለው ደግሞ ከሥሩ ነው።

ይህን ለመረዳት ከደብረ ብርሃን በአንኮበር አድርጎ ወደ አሊዩ አምባ መውረድ ይበቃል። ከደብረ ብርሃን አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአንኮበር በኋላ ያለው የደጋው ጠርዝ በመሆኑ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ቆላ ይወርዳል። ጭነት የያዘ መኪና ሲወርድ ክብደቱን በፊት እግሩ ላይ ይጥላል፤ ሲመለስ የኋላ ባሌስትራው ላይ ተቀምጦ ዳገቱን በከባድ ማርሽ ይገፋል። የላላ ቦኮላ፣ ግራሶ ያጣ ክሮቼራና የደከመ ሾክ አብዞርበር እዚህ ላይ መደበቂያ የላቸውም።

አሊዩ አምባ ለዚህ ጉዳይ የቆየ ትምህርት አላት። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ አንኮበር የሸዋ መናገሻ በነበረችበት ጊዜ፣ ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው የሲራራ ንግድ የሚገናኝባት ገበያ ነበረች። በ1833 ዓ.ም. የእንግሊዝ መልእክተኛ ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ወደ ንጉሡ የወጣውም በዚሁ በር ነው። የዚያ ዘመን ነጋዴ ግመል የቆላ መሆኑን ያውቃል፤ ሽቅቡን በቅሎ፣ አህያና ተሸካሚ ሰው ይረከቡታል። የግመሉን እግር ለዳገት ላስተካክል ያለ አልነበረም። የዛሬው ባለመኪና ግን አንዱኑ መኪና ለአስፋልቱም፣ ለገደሉም፣ ለጭነቱም፣ ለክብሩም ይፈልገዋል። ከፋብሪካ የወጣበት ልክ የሚነካውም በዚህ ጊዜ ነው።

ለመሆኑ ልኩ ሲነካ ምን ይሆናል? ከካምቢዮ ወደ ኋላ ዲፈረንሻል ኃይል የሚያደርሰው ዘንግ በሁለት ጫፉ ክሮቼራ አለው። የታጠፈ ክሮቼራ ዘንጉን በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ያፈጥነዋል፣ ሁለት ጊዜ ያዘገየዋል። የፊተኛው ያመጣውን መዛባት የኋለኛው እንዲያጠፋው ሁለቱ እኩል መታጠፍ አለባቸው፤ የዘንጉ ሹካዎችም በአንድ መስመር መግጠም ይኖርባቸዋል። መኪናው ከፍ ሲል እጥፋቱ ይጨምራል። በአዲሱ ባሌስትራ ምክንያት ዲፈረንሻሉ ዘንበል ካለ ደግሞ እኩልነቱ ይፈርሳል። ያኔ በተወሰነ ፍጥነት ላይ ወለሉና ወንበሩ መርገፍገፍ ይጀምራሉ፤ ክሮቼራው ይበላል፤ ቀጥሎም የዲፈረንሻሉ ኩሽኔታና ዘይት መያዣው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

በፊት በኩልም ጣጣ አለ። የፊት አክስሉ ድፍን ሆኖ በሞላ የቆመ ከሆነ ካስተር የሚባለው የመሪው ዘንበልታ ይቀንስና መኪናው ቀጥ ብሎ መሄድ ያቅተዋል። የፊት እግሮቹ ለየብቻ የሚንቀሳቀሱ ከሆኑ ደግሞ ጎማውን የሚያዞረው አክስል መታጠፊያው ይበዛል፤ የላስቲክ ሽፋኑ ተቀዶ አቧራ ያስገባል፤ ቴስቲናውም ቶሎ ይላላል። የፍሬን ቱቦው ካልተራዘመና እግሩ ሙሉ በሙሉ ሲንጠለጠል ከተወጠረ ነገሩ ከገንዘብ ያልፋል። በአንኮበር ቁልቁለት ላይ የፍሬን ጉዳይ የነፍስ ጉዳይ ነው።

ብዙውን ጊዜ የሚፈጸመው ስህተት የተበላውን ዕቃ ቀይሮ የሚበላውን ምክንያት መተው ነው። ክሮቼራ ይገዛል፣ ይገጠማል፤ ጥቂት ቆይቶ ንዝረቱ ይመለሳል፤ ሌላ ክሮቼራ ይገዛል። ሌላው ስህተት በአሮጌ ቦኮላ ላይ አዲስና ጠንካራ ባሌስትራ መጫን ነው። ድሮ ባሌስትራው ያበርደው የነበረው ምት አሁን በቀጥታ የላላው ቦኮላ ላይ ያርፋል።

ምርመራው ከርካሹ ወደ ውዱ ቢሄድ ኪስ ይተርፋል። መጀመሪያ የጎማው ባላንስና የቸርኬው ቅርጽ ይታይ። መሪው ከተንቀጠቀጠ ወደ ፊት ጎማ፣ ወንበሩ ከተርገፈገፈ ወደ ኋላ መፈለግ ነው። ሜዳ መንገድ ላይ ማርሹ ዜሮ ሆኖ መኪናው ሲንሸራተት ንዝረቱ ካልተቋረጠ ጥፋቱ የሞተሩ ሳይሆን የጎማው ወይም የዘንጉ ነው። ከዚያ መኪናው በክሪክ ተነሥቶ፣ ከሥሩ በጠንካራ መቆሚያ ተደግፎ፣ ዘንጉ በእጅ ይወዝወዝ፤ ክሮቼራው ውስጥ ትንሽም ቢሆን ልቅነት ካለ ይቀየር። በመጨረሻ የሁለቱ ጫፎች እጥፋት ይለካ። እኩል ካልሆነ በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል ሽብልቅ ብረት በማስገባት ይስተካከላል። የባሌስትራ ቦኮላ ብሎን መጥበቅ ያለበት መኪናው በጎማው መሬት ላይ ከቆመ በኋላ ነው። እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ ከጠበቀ ቦኮላው እንደተጠማዘዘ ይቀርና ቶሎ ይቀደዳል። ይህ ገንዘብ የማይጠይቅ ጥንቃቄ ነው።

ሂሳቡ ዛሬ ከቀድሞው ይከብዳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ የዶላሩን ዋጋ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። በዚያው ዓመት መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉም በእጅ ያለውን መኪና ጠብቆ መያዝን የብልህ ሥራ አድርጎታል። እንዲህ ያለውን ንብረት ለቁመናው ሲባል ማስበላት ንግድ አይባልም።

በእርግጥ ድንጋያማ ወንዝ የሚሻገር፣ ሥሩ ዘወትር የሚጋጭበት ባለመኪና ከፍታ ያስፈልገዋል። እሱም ቢሆን 5 ሳንቲ ሜትር ያህል መጠነኛ ከፍታ ከበቃው ከዚያ ባያልፍ ይመረጣል። ለቀሪው ግን አዲስ ቦኮላ፣ ደህና ሾክ አብዞርበርና ለመንገዱ የሚስማማ ጎማ ከታኮ የበለጠ ይጠቅሙታል።

ገበያውም ድርሻ አለው። በሶማሌ ተራም ሆነ በሌላ ቦታ ባሌስትራና ታኮ የሚሸጥ ነጋዴ ረዘም ያለውን ሾክ፣ የፍሬን ቱቦውንና ሽብልቁን አንድ ላይ አድርጎ ቢያቀርብ ደንበኛው ተመልሶ የሚመጣው ለወቀሳ ሳይሆን ለግዢ ይሆናል። ጋራዡም የለካውን እጥፋት በደረሰኙ ላይ ይጻፍ። ደላላው «ከፍ ተደርጓል» ሲል ገዢው «ማን አደረገው? ከዚያ ወዲህ ስንት ክሮቼራ በላ?» ብሎ ይጠይቅ፤ ሳይነዳም አይፈርም።

አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት ለቄስ ብቻ አይደለም። ንዝረት መኪናው ከመሰበሩ በፊት የሚያሰማው ስሞታ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል ያለ ባለንብረት ለገበያው ቀን ይደርሳል፤ ራዲዮ ከፍቶ ንዝረቱን የሸፈነ ግን ከአሊዩ አምባ ዳገት ሥር ጭነቱን አራግፎ እንደ ጥንቱ ነጋዴ አህያ ይፈልጋል።