አንድ ሕግ ለአንድ አገር፤ ነገር ግን በማን እጅ?

በአገራችን ሁለት ሰዎች ሲጣሉ አንዱ «በሕግ አምላክ!» ካለ ሌላው ዱላውን ማውረድ ነበረበት። «በሕግ አምላክ ሲሉ እንኳን ሰው ወራጅ ውሃ ይቆማል» መባሉም ስለዚህ ነው። ታዲያ ሕግን ይህን ያህል የሚያከብር የጎጃም ሕዝብ ከዋናው ከተማ የመጣን ዐዋጅ በጠመንጃ የመለሰበትን ዘመን ምን ብለን እንረዳዋለን? በቁይ የማስተምራቸው ልጆች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ ይህ ነውና ዛሬ በዚህ ዐምድ ብንወያይበት አይከፋም።

ነገሩን ከሥሩ ለማየት ወደ 1924 ዓ.ም. መመለስ ያሻል። እስከዚያ ድረስ ጎጃምን ያስተዳድር የነበረው የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት ሲሆን ግብሩም ዳኝነቱም በልጃቸው በራስ ኃይሉ እጅ ነበር። በዚያ ዓመት ራስ ኃይሉ ተሽረው ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ተሾሙ። ከጣሊያን ወረራ በኋላም በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ አገሩን በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃና በወረዳ ከፍሎ ሹማምንቱን በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር አደረጋቸው። ከዚህ በኋላ ጎጃምም ሐረርም ከፋም በአንድ ደንብ እንዲተዳደሩ ታሰበ። ሐሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። ሹም በተለወጠ ቁጥር ግብሩ የሚለወጥበት አገር ወደ ፊት ሊራመድ አይችልምና።

በዚያው በ1934 ዓ.ም. የመሬት ግብር ዐዋጅ ወጣ። ለአንድ ጋሻ ለም መሬት 15 ብር፣ ለለም ጠፍ 10 ብር፣ ለጠፍ 5 ብር እንዲከፈል አዘዘ። በወረቀት ላይ ሲታይ ከዚህ የቀለለ ሒሳብ የለም። ነገር ግን ጋሻ የሚታወቀው መሬት በቀላድ ሲለካ ነው፤ የጎጃም መሬት ደግሞ በቀላድ የተለካ አልነበረም። የጎጃም ገበሬ መሬት ይይዝ የነበረው ከአቅኚ አባቱ በመወለዱ ነው። በአባቱም በእናቱም በኩል ርስት ይጠይቅ ነበር፤ ግብሩንም ተወላጆቹ ይከፋፈሉት ነበር። በደቡብ ቀላድ ከተጣለ በኋላ ብዙ ገበሬ በገዛ መሬቱ ጭሰኛ ሆኖ መቅረቱ ደግሞ የታወቀ ነው። ስለዚህ ጎጃሜው ገመዱን ባየ ጊዜ የታየው የግብሩ ልክ ሳይሆን የርስቱ መነቀል ነበር። ሕዝቡም ተቃወመ። በ1937 ዓ.ም. ሕጉ በአዲስ ዐዋጅ ሲተካ ጎጃም፣ በጌምድርና ትግራይ በ1927 ዓ.ም. ይከፍሉት በነበረው ልክ እንዲከፍሉ ተወሰነ። ለሁሉ አንድ ይሁን የተባለው ሕግ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ለሁለት ተከፈለ።

በ1960 ዓ.ም. ደግሞ የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ መጣ። ይህኛው በቅንነት ከተነበበ ከቀድሞው የተሻለ ነበር። አሥራትን ይሽራል፤ ብዙ ያመረተ ብዙ፣ ጥቂት ያመረተ ጥቂት እንዲከፍል ያዛል። ነገር ግን ዐዋጁን ማን አነበበው? ገበሬው ያየው ሰብል ገማቾች መምጣታቸውን ብቻ ነው። ላኪዎቻቸውም ሕዝቡ በጉቦና በግፍ የሚያማቸው ሹማምንት ነበሩ። ግመታው የልኬት መግቢያ ነው ተብሎ ተወራ። ከቁይ እምብዛም በማይርቁት በቢቸናና በሞጣ፣ እንደዚሁም በዳሞት ሕዝቡ መሣሪያ አነሣ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ፤ መንደሮች ተደበደቡ፤ ሰውም አለቀ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፣ ውዝፉም ግብር ተሰረዘ። ዐዋጁ ግን በአብዛኛው ጎጃም ሳይሠራበት ቀረ።

ጥቅማቸው የተነካባቸው ባላባቶች ገበሬውን አነሣሡት የሚሉ አሉ። እውነትነት ይኖረዋል፤ ነገር ግን በወሬ እሳት የሚቀጣጠለው ቀድሞ የደረቀ ሣር ነው።

ታዲያ ለየአገሩ የየራሱ ሕግ ይኑር እንበልን? አይደለም። ከቁይ ተነሥቶ ጅማ ሥራ የሚገባ ወጣት በዚያም ያው መብት ሊጠብቀው ይገባል። ቁም ነገሩ የሕጉ አንድ መሆን ሳይሆን አንድ የሚሆንበት መንገድ ነው። ሕጓን በአንድ መጽሐፍ በመጠቅለል የታወቀችው ፈረንሳይ እንኳ አልዛስንና ሞዘልን ከጀርመን ካስመለሰች በኋላ የራሷን የፍትሐ ብሔር ሕግ ስታስገባ፣ እ.ኤ.አ. በ1924 ባወጣቻቸው ሕጎች ከአካባቢው ደንብ ብዙውን ሳትነካ ትታለች። በእኛም አገር የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት የሕዝብ ያደረገው ዐዋጅ፣ ያን ያህል ሥር ነቀል ሆኖ ሳለ፣ ስለ ጋራ ርስት አገር ለብቻው ምዕራፍ ጽፏል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን ግን በቅርብ ዘመን የሆነው ነው። የአማራ ክልል በ1990ዎቹ አጋማሽ የመሬት ይዞታ ምዝገባ ሲጀምር፣ ከመጀመሪያዎቹ የሙከራ ቀበሌዎች አንዱ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ በጎዛምን ወረዳ ያለው አዲስና ጉሊት ነበር። በ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ ብዙ ሰው ተቀይሞ ስለ ነበር ልኬት የሚለው ቃል እንደ ገና ያስደነግጥ ነበር። ይሁን እንጂ የአሁኑ አሠራር ሌላ ነው። ኮሚቴውን የቀበሌው ሰው መረጠ፤ ድንበሩ አዋሳኞቹ ባሉበት ታየ፤ ዝርዝሩም ቅሬታ ያለው እንዲናገር በአደባባይ ቀረበ። በመጨረሻም ገበሬው የባልና የሚስት ስም በእኩል የተጻፈበትን ደብተር ተቀበለ። የድንበር ክርክር ፈጽሞ ጠፋ ማለት አይደለም። ነገር ግን አያቱ ገመዱን በጥይት የመለሰው ገበሬ እርሱ ራሱ ድንበሩን እየመራ አሳየ። መሬቱም ያው፣ ሕዝቡም ያው ነው፤ የተለየው ልኬቱ ይወስድብኛል ከሚባል ነገር ወደሚያስከብርልኝ ነገር መለወጡ ነው።

ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ ሆይ! ለገበሬው ሕግ ማለት በነጋሪት ጋዜጣ የታተመው ቃል ሳይሆን ፎርሙን ይዘህ የምትቀርበው አንተ ነህ። እንግዲህ ወደ ወረዳ በወረድህ ጊዜ ከመሰብሰብህ በፊት አስረዳ፣ ከመወሰንህ በፊት ቅሬታውን ስማ፣ የወሰንኸውንም ሰው ሁሉ ሊያየው በሚችልበት ቦታ ለጥፍ። በ1960 ዓ.ም. ልጅ የነበሩ አዛውንት በየመንደሩ ዛሬም አሉና ከመጀመርህ በፊት እነርሱን ብትጠይቅ ከማንኛውም መመሪያ የሚበልጥ ትምህርት ታገኛለህ።