ሁለት ዕቃ በአንድ ደወል



በኮምፒውተር ክፍላችን ጥግ የተደረደሩት አሮጌ ላፕቶፖች ይወገዱ የሚል ሐሳብ ዘንድሮ በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነሥቷል። ሐሳቡ ያለ ምክንያት አልቀረበም። ዕቃዎቹ ቦታ ይይዛሉ፣ ቀርፋፋ ናቸው፤ ሌላው ሁሉ እየሠራላቸው ኔትወርክ ብቻ እምቢ የሚላቸውም አሉ። እኔ ግን ይቆዩ እላለሁ። ለተማሪ የሚጠቅመው ትምህርት ያለው እዚያው እምቢታው ውስጥ ነው።

እነዚህ ላፕቶፖች የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1969 በቤል ላብራቶሪዎች የተጀመረውን የዩኒክስን አሠራር የሚከተል ሲሆን፣ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ1991 ሲጀምረው የ21 ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር።

የላፕቶፖቹ ኔትወርክ ካርድ ከጎን የሚሰካ ነው። ካርዱ መረጃ ሲደርሰው ፕሮሰሰሩን ደውሎ ይጠራዋል። በእንዲህ ያሉ አሮጌ ማሽኖች ለጥሪ የተመደቡት መስመሮች ከ0 እስከ 15 የተቆጠሩ 16 ብቻ ናቸው። መስመር 1 የኪቦርድ ነው፤ 4 በተለምዶ የመጀመሪያው ሲሪያል ፖርት፣ 3 ደግሞ የሁለተኛው ነው። ካርዱም መስመር 3 ከተሰጠው ሁለት ዕቃዎች አንድ ደወል ይዘዋል ማለት ነው። ያን ጊዜ ካርዱ መብራቱ ይበራል፣ ስሙም በዝርዝር ይታያል፤ መረጃ ግን አያልፍም።

ብዙዎቻችን እንዲህ ሲያጋጥመን አጥፍተን እናበራለን። ካልሆነ ሁሉንም ደምስሰን እንደ አዲስ እንጭናለን፣ ያም ካልሆነ ቴክኒሻን እንጠራለን። በዚህ መንገድ ማሽኑ ቢድንም ልጁ የተማረው ነገር የለም። ሊኑክስ ደግሞ የሚሠራውን አይደብቅም። ሲነሣ ያገኘውን ዕቃ ሁሉ ይመዘግባል፤ የትኛው መስመር ለማን እንደተሰጠና በእያንዳንዱ ስንት ጥሪ እንደመጣም በአንድ ፋይል ያሳያል። ተማሪው ፋይሉን ያነባል፣ መረጃ ለመላክ ይሞክራል፣ ተመልሶ ያነባል። በካርዱ አንጻር ያለው ቁጥር ካልጨመረ ጥሪው እየደረሰ አይደለም። ከዚያ ማንም የማይጠቀምበትን ሲሪያል ፖርት ከባዮስ ይዘጋል፤ ወይም ለካርዱ ሌላ መስመር ይሰጣል። ሁለቱን በአንድ ጊዜ ካደረገ ግን የትኛው እንዳዳነው አያውቅም። ስለዚህ አንዱን ይለውጣል፣ ይሞክራል፣ ውጤቱን በደብተሩ ይጽፋል።

«ይህ ያረጀ ችግር ነው፤ ለልጆቻችን ምን ይረባል?» የሚሉ ወላጆች አሉ። እውነት ነው፣ በአዲሶቹ ማሽኖች ዕቃዎች አንዱን መስመር ያለ ጠብ መጋራት ይችላሉ። ይሁንና ዛሬም በሊኑክስ ላይ ሁለት ድራይቨሮች አንዱን የዋይፋይ ካርድ «የእኔ ነው» ብለው ሲሻሙበት ይታያል። የችግሩ ዓይነት ይለወጣል፤ መዝገቡን አንብቦ፣ ገምቶ፣ አንድ በአንድ ፈትኖ መድረስ ግን አይለወጥም። በፊዚክስ ቤተ ሙከራም ሆነ በሒሳብ ልምምድ ከልጆቻችን የምንፈልገው ይህንኑ ነው።

የፈተና ጊዜ ይሻማል የሚለውንም ስጋት እረዳለሁ። ስለዚህ የምጠይቀው ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ፕሮግራም አይነካም። መምህራንንም አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ መልሱን ብታውቁትም ቶሎ አትንገሯቸው፤ ካላወቃችሁትም አብራችኋቸው ፈልጉ።

ተማሪዎቼ ሆይ፣ እነዚህ ማሽኖች ከአሁን በፊት ተበላሽተዋልና አበላሻለሁ ብላችሁ አትፍሩ። ወላጆች ከተስማሙ በመጪው ዓመት ክፍሉ ይከፈትላችኋል። ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው።