ስለ ትኩስ ዓሣ አመራረጥና አበሳሰል

ከአጋሮ አንዲት እናት የጻፉልን ደብዳቤ በዚህ ወር ደርሶናል። ልጃቸው ከውጭ አገር ይዞት የመጣው የባልትና መጽሐፍ ከባሕር የወጣ ትኩስ ዓሣ እንዴት እንደሚበስል በሰፊው የሚናገር ነው። እርሳቸውም «ባሕር ለሌለን ለእኛ ይህ ሙያ ምን ይረባናል? የሐይቅ ዓሣስ ጨው በሌለበት ውሃ ያደገ ስለሆነ በዚሁ ሥርዓት ቢሠሩት ይጣፍጣልን?» ሲሉ ጠይቀውናል።

አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር ጠረፍ የላትም። ስለዚህ በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች የባሕር ዓሣ የምናገኘው በቆርቆሮ ታሽጎ ወይም በበረዶ ደርቆ ነው። ነገር ግን ትኩስ ዓሣ አጣን ማለት አይደለም። የግልገል ጊቤ ግድብ በ1996 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ መስጠት ከጀመረ ወዲህ፣ ከግድቡ በስተኋላ በተኛው ሰፊ ውሃ አጥማጆች መረባቸውን እየጣሉ ቆሮሶ ያወጣሉ፤ ከዚያም ጥቂቱ በአሰንዳቦ መንገድ ወደ ጅማ ይመጣል።

ስለ ጨውም ቢሆን የባሕር ዓሣ ሥጋው ጨዋማ አይደለም፤ ከባሕሩ ጋር የሚጠጣውን ጨው በመተንፈሻውና በኩላሊቱ መልሶ ያስወጣዋልና። ስለዚህ ሁለቱም ዓሣ በድስት ውስጥ ጨው ይሻሉ። የሐይቁን ዓሣ የሚንቅ ሰው ቢኖር ደግሞ ቅዱስ ጴጥሮስ መረቡን የጣለበት የጥብርያዶስ ባሕር፣ ስሙ ባሕር ይባል እንጂ ጨው የሌለበት ሐይቅ እንደሆነ ያስታውስ። በዚያ ሐይቅ የሚጠመደውና እስከ ዛሬ በሐዋርያው ስም የሚጠራው ዓሣ ለእኛ ቆሮሶ የቅርብ ዘመድ ነው።

ከአበሳሰሉ በፊት ግን አመራረጡ ይቀድማል። በዚህ ነገር እኛም ተታለናል። ባለፈው ዓመት ከመንገድ ዳር አራት ዓሦች ገዝተን፣ ሻጩ «ዛሬ ጠዋት የወጣ ነው» ስላለን አምነን፣ በፌስታል ቋጥረን በመኪናው ወለል ላይ አስቀመጥናቸው። ቀኑ ፀሐያማ ነበር፤ በመንገድም ዘመድ ለመጠየቅ ጥቂት ቆየን። ሰቶ ሰመሮ ከቤታችን ደርሰን ፌስታሉን ስንፈታው ሽታው ቤቱን ሞላው። ከመካከላችን አንዷ ሎሚ ይበዛበትና ይጠበስ አለች፤ እንግዶቹም በር ላይ ደርሰው ነበር። ሎሚ ሽታን ይደብቃል እንጂ የተበላሸውን አያድንምና ዓሣውን ከሙዙ ሥር ቀበርነው፤ ለእንግዶቻችንም ሽሮ አቀረብን። ጥፋቱ የሻጩ ነው ለማለት አንደፍርም፤ የቆየንበት ሰዓት ብቻውን ይበቃ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ወደዚያ የምንሄድ ከሆነ ማታውኑ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ ሞልተን በማቀዝቀዣ እናረጋለን፤ ዓሣውንም በባልዲ ውስጥ በእነዚያ ጠርሙሶች መካከል እናስቀምጣለን። ያለ በረዶ ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየ ዓሣ ወደ ቤታችሁ አይግባ።

ስትገዙ ዓይኑን ተመልከቱ፤ የጠራና ወጣ ያለ ይሁን እንጂ የደፈረሰና የጎደጎደ አይሁን። የጉንጩን ክዳን ገልጣችሁ መተንፈሻውን እዩ፤ ትኩስ ከሆነ ደም የመሰለ ቀይ ነው፤ ቡናማ ወይም ግራጫ ከሆነ ተዉት። ሥጋውን በጣት ስትጫኑት ወዲያው መመለስ አለበት። ይህ ሁሉ የሚታየው ዓሣው ከነራሱና ከነቅርፊቱ ሲሸጥ ነው። ለክርስቲያን ቤት ደግሞ ሌላ ምክንያት አለው፤ በኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 11 ክንፍና ቅርፊት ያለው ዓሣ እንዲበላ የተፈቀደ ነውና፣ ቅርፊት የሌለውን አምባዛ የማይበሉ ወገኖቻችን ብዙዎች ናቸው። ተገፎና ተሸንሽኖ የቀረበ ሥጋ የማን እንደሆነ በዓይን አይለይም።

ቅርፊቱን በቢላዋ ጀርባ ከጅራቱ ወደ ራሱ ፋቁት፤ በውሃ ውስጥ ሆኖ ቢፋቅ በማድቤቱ አይበተንም። ሆዱን ስትከፍቱ ሐሞቱ እንዳይፈነዳ ተጠንቀቁ፤ አንድ ጊዜ ከፈሰሰ ምሬቱ አይለቅም። በቀዝቃዛ ውሃ አጥባችሁ ጎኑን ግራና ቀኝ ተልትሉት፤ ጨው፣ የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ከጥቂት ሎሚ ጋር በትልትሉ ውስጥ አግቡበት። ሩብ ሰዓት ይበቃዋል፤ በሎሚ ውስጥ ብዙ ቢቆይ ሥጋው ይላላል።

ከመጥበሳችሁ በፊት በንጹሕ ጨርቅ አድርቁት። ብዙዎች ይህን ይዘነጉና ዘይቱ ፊታቸው ላይ ይረጫል፤ ቆዳውም ከመጥበሻው ጋር ተጣብቆ ይቀራል። ዘይቱ በደንብ ሲግል አስገቡትና አንዱ ወገን ወርቅማ እስኪመስል ድረስ ሳትነካኩ ተዉት፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ብቻ ገልብጡት። ከወፍራሙ ቦታ በሹካ ስትከፍቱት ሥጋው ነጭ ሆኖ ከአጥንቱ ከተላቀቀ በስሏል። መስተዋት የመሰለ ነገር ከቀረበት ገና ነው። በአንዳንድ ሐይቅ ዳር ጥሬውን መብላት ተለምዷል፤ እኛ ግን በውስጡ ትላትል ሊኖር ስለሚችል ለማንም አንመክርም።

ራሱን አትጣሉት። ከቀይ ሽንኩርት፣ ከቲማቲምና ከጥቂት የኮረሪማ ፍሬ ጋር በለዘብተኛ እሳት ግማሽ ሰዓት ቢንተከተክ መልካም ሾርባ ይወጣዋል። ኮረሪማውን ከጅማ ሰው ይልቅ ማን ያውቀዋል! ሾርባው ለልጆች ከመቅረቡ በፊት በወንፊት ይጠለል፤ የተጠበሰውንም ለሕፃናት በጣታችሁ ዳብሳችሁ አጉርሷቸው። አጥንት በጉሮሮ ቢሰነቀር ትልቅ ጉርሻ አጉርሶ ለመግፋት መሞከር የቆየ ልማድ ነው፤ ነገር ግን አጥንቱን ይበልጥ ሊተክለው ይችላልና ሳትዘገዩ ወደ ሐኪም ቤት ውሰዱት።

ዓሣ በጾም ወራት ይበላ እንደሆነም የሚጠይቁን አሉ። ይህን ለንስሐ አባቶቻችሁ ትተን፣ እኛ የጻፍነው ለፍስክ ቀን ነው። የአጋሮዋ እናት ሞክረውት የሆነውን ቢጽፉልን ደስ ይለናል፤ መጽሐፉም የዓሣ ወጥ አሠራር ካለበት ገልብጠው ቢልኩልን በበርበሬያችን እንሞክረዋለን።