ኩሉን የያዘችው እጅ

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። በኤምሬቶቿ አል አይን ከተማ፣ ሰናያ ከሚባለው የኢንዱስትሪ ሰፈር ጋራዦች ብዙም በማይርቅ አንድ ቤት፣ ቡና ተፈልቶ ስምንት ሆነን ተቀምጠናል። የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ምንጣፉ ላይ በሆዱ ተኝቶ የቤት ሥራውን ይሠራል። እኔ ስለ እርሳስ መመረዝ የማውቀውን ማውራት ጀመርኩ። «እርሳስ መርዝ ነው፣ በተለይ ለሕፃናት» ከማለቴ እናቱ ብድግ ብላ እርሳሱን ከልጁ እጅ ነጠቀችው። «ዘወትር ሲያኝከው እያየሁ ዝም ስል!» አለች ደረቷን ይዛ። ልጁ ክው ብሎ ቀረ። ትራስ ላይ የተኛችው የስምንት ወር እህቱ በግርግሩ ነቃችና ዓይኗን ማሸት ጀመረች። ሁለቱም ዓይኖቿ በኩል ተከበዋል። ጥቁሩ ወደ አውራ ጣቷ ተላለፈ፤ አውራ ጣቷም ወደ አፏ ገባ።

ልጁ የያዘው እርሳስ ውስጥ እርሳስ የለም። የሚጽፈው ግራፋይት ነው፤ ግራፋይት ደግሞ የከሰል ዘመድ ነው፣ ካርቦን። መርዙ ሌላ ነው፤ ለጥይት አረር፣ ለመኪና ባትሪ የሚሆነው ከባድና ለስላሳ ብረት ነው። ቋንቋችን ሁለቱን በአንድ ስም ይጠራቸዋል። ዓረብኛውም እንደዚያው ነው፤ ረሷስ ብረቱም ጥይቱም ነው፣ መጻፊያው ደግሞ «ቀለም ረሷስ» ይባላል። «ከእርሳስ መመረዝ ተጠንቀቁ» የሚል ወረቀት ቢታደል ያቺ እናት የምትጠብቀው የመጻፊያ እርሳሱን ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ ሳወራ መጀመሪያ የምናገረው «የምንጽፍበትን እርሳስ ማለቴ አይደለም» የሚለውን ነው። ከዚያ ቀጥዬ ኩሉን፣ ባትሪውን፣ የቀለሙን ፍርፋሪ በየስሙ እጠራለሁ።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈው አንድ ነገር ለማለት ነው። በአቡ ዳቢና በአል አይን የእርሳስ መመረዝን መከላከል የሚቻለው ሕፃኑን የምታጥበው፣ የምታለብሰው፣ የምትኩለው እጅ መረጃው ሲደርሳት ነው። ያች እጅ ደግሞ በብዙ ቤት የኢትዮጵያዊት እጅ ናት። እስኪ ማን በአማርኛ ነግሯት ያውቃል? ቢነግራትስ፣ «ማዳም፣ ይሄ ይቅር» የምትልበት አቅም ማን ሰጥቷታል?

ከኩሉ ልጀምር። ኩል ለእኛም ቤተኛ ነው፤ በወሎ፣ በሐረር፣ በአፋር፣ በሶማሌ ሙሽራ ትኳላለች፣ ሕፃን ይኳላል፣ ዓይን ያበርዳል፣ ከክፉ ዓይን ይጠብቃል ይባላል። በኤምሬቶች ቤትም ነገሩ አንድ ነው። በእስልምና ትውፊት ኢትሚድ የተባለው ኩል የተወደደ ነው። ኢትሚድ በጥንቱ አንቲሞኒ የሚባለው ማዕድን ነው ይላሉ፤ ዛሬ በዚያው ስም በየገበያው የሚሸጠው ግን ብዙ ጊዜ ጋሌና ነው። ጋሌና የእርሳስ ማዕድን ነው፤ ከክብደቱ 86 በመቶ ያህሉ እርሳስ ነው። በኤምሬቶች የሚሸጡ ኩሎችን የመረመረና እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ከናሙናዎቹ በበርካታዎቹ ውስጥ ዋናው ነገር ይኸው ጋሌና ሆኖ አግኝቶታል። ከሌሎቹ በአንዳንዶቹ ውስጥ ዋናው ነገር ካርቦን ነበር፤ ጥላሸት ማለት ነው። ሁለቱም ጥቁር ናቸው። ብልቃጡን ወደ መስኮት አቅርቦ ያየ ሰው አንዱ ትንሽ እንደሚያብለጨልጭ ያስተውል ይሆናል፤ ነገር ግን በዓይን ተለይቶ የሚታመን ነገር የለም። በብልቃጡ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍም ዋስትና አይሆንም።

ዓይን ላይ የተኳለ ወደ ደም እንዴት ይገባል? የሕፃን ዓይን ሲያነባ እንባው በቀጭን ቦይ ወደ አፍንጫ፣ ከአፍንጫ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል፤ ኩሉም አብሮት። ዋናው መንገድ ግን ያን ቀን ትራሱ ላይ ያየሁት ነው፤ ዓይን፣ ጣት፣ አፍ። ሕፃን ከሚውጠው እርሳስ ወደ ሰውነቱ የሚያስገባው ከአዋቂው ከ4 እስከ 5 እጥፍ ይበልጣል። ሰውነታችን እርሳሱ ካልሲየም ይመስለዋል። ስለዚህ ወስዶ አጥንት ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ እዚያም ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል። ሴት ስትፀንስ ለፅንሱ ከአጥንቷ ካልሲየም ሲወጣ እርሳሱም አብሮ ይወጣና በእትብቱ በኩል ወደ ልጁ ይሻገራል። በልጅነቷ የተኳለችውን ለልጇ ታወርሳለች ማለት ነው።

ከኩሉ የሚብሰው ሌላ ነው። ቢንት አል ዘሀብ ይሉታል፤ «የወርቅ ልጅ»። ቢጫና ብርቱካናማ ዱቄት ነው። በኦማንና በኤምሬቶች በባህል መድኃኒትነት የሚሠራበትን ይህን ዱቄት ተመራማሪዎች መርምረው እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጡት ጽሑፍ የእርሳስ ኦክሳይድ መሆኑን አሳይተዋል። አል አይን ደግሞ ከኦማኗ ቡረይሚ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ የተጠጋች ከተማ ናት። ዱቄቱ ከማርና ከቅቤ ጋር ተለውሶ ለአራስ ሕፃን ይሰጣል፤ ሆዱን እንዲያሽለው፣ የመጀመሪያው ዓይነ ምድር ቶሎ እንዲወጣለት። ይህን ስሰማ ልቤ የቆመው በቅቤው ነው። ለአራስ ሕፃን ቅቤ ማቅመስ የእኛም አገር ልማድ ነው። ከወሎ የመጣች ሞግዚት አሮጊቷ እመቤት በማንኪያ ጫፍ ማርና ቅቤ ሲያዘጋጁ ብታይ ምኑን ትጠረጥራለች? ይልቅ «እነዚህም እንደኛ ናቸው» ብላ ደስ ይላታል።

በጎረቤት ኩዌት እ.ኤ.አ. በ1981 የታተመ ጥናት እርሳስ አንጎላቸው ላይ የወጣ 20 ሕፃናትን ታሪክ ይዟል። ከምንጮቹ መካከል ኩልና የእርሳስ ማዕድን በከሰል ላይ እያጨሱ ሕፃኑን ማጠን ይገኙበታል። (ቡና ላይ የምናጨሰው ንጹሕ እጣን ከዚህ ጋር ግንኙነት የለውም፤ ጥያቄው ሁልጊዜ ስለሚነሳ ነው የማነሳው።) እነዚያ ልጆች ሆስፒታል የደረሱት በጠና ታመው ነው። ብዙውን ጊዜ ግን ምንም አይታይም። እ.ኤ.አ. በ2011 ቦስተን ውስጥ አንድ የ6 ወር ሕፃን በመደበኛ የደም ምርመራ በ1 ዴሲሊትር ደሙ ውስጥ 13 ማይክሮግራም እርሳስ ተገኘበት። ከናይጄሪያ የመጣ «ቲሮ» የሚባል ኩል ይኳል ነበር፤ ኩሉ ሲመረመር 82.6 በመቶው እርሳስ ሆነ። ልጁ ይስቃል፣ ይጠባል፣ ያድጋል። ምርመራው ባይኖር ማንም አያውቅም ነበር።

«አያቶቻችን ተኩለው መቶ ዓመት ኖረዋል» የሚለውን መልስ የማልቀበለው በዚህ ምክንያት ነው። እርሳስ ሁሉንም አይገድልም። ከልጅ አእምሮ ላይ ይቀንሳል፤ ትኩረቱን፣ የመማር አቅሙን፣ ትዕግሥቱን። ትምህርት ያልገባውን ልጅ «ሰነፍ» ብለን አሳድገነው ይሆናል፤ ሊሆን ይችል የነበረውን ማን አየው? የዓለም ጤና ድርጅት ምንም ጉዳት የሌለው የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል፤ በ1 ዴሲሊትር ደም ውስጥ 5 ማይክሮግራም ሲደርስ ምንጩ ተፈልጎ እንዲወገድ ይመክራል። ዩኒሴፍ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ዘገባ ከዓለም ሕፃናት አንድ ሦስተኛው፣ እስከ 800 ሚሊዮን የሚሆኑት፣ በደማቸው ውስጥ ይህን መጠን ወይም ከዚያ በላይ እርሳስ እንዳላቸው ገምቷል።

ታዲያ መንግሥት የለም ወይ? አለ፤ ሕጉም ሲሠራ አይተናል። ኤምሬቶች እርሳስ ያለበትን ቤንዚን እ.ኤ.አ. ከጥር 2003 ጀምረው አቁመዋል፤ የመጨረሻዋ አገር አልጄሪያ በ2021 አቆመች። ኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ በቀለም ውስጥ የሚኖረውን እርሳስ በሚሊዮን 90 ክፍል ላይ ገድባለች። ቤንዚን በአንድ ቱቦ ነው የሚመጣው፤ ቱቦው ላይ አንድ ትእዛዝ ይበቃል። ኩል ግን የሚመጣው በሻንጣ ነው፤ ከሕንድ፣ ከፓኪስታን፣ ከየመን፣ ከመካ የተመለሰች አክስት ቦርሳ ውስጥ፣ ከቦሌ በተነሳ ሻንጣ ከበርበሬውና ከሽሮው ጎን። የትኛው ተቆጣጣሪ የትኛውን ብልቃጥ ይከፍታል? እዚህ ላይ ሕጉ የማይደርስበትን ሰው ለሰው ተነጋግሮ መድረስ ያስፈልጋል።

ሻንጣውን ካነሳሁ እርድን ሳልጠቅስ አላልፍም። ባንግላዴሽ ውስጥ እርድ እንዲያብረቀርቅ ቢጫ የእርሳስ ቀለም ይቀቡት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ከገበያ ከተወሰደው እርድ 47 በመቶው እርሳስ ተገኘበት። ተመራማሪዎች ለመንግሥት አሳዩ፣ ለነጋዴው ተነገረ፣ በየገበያው ማስታወቂያ ተለጠፈ፣ ሲሸጡ የተገኙ ተቀጡ። በ2021 ቁጥሩ ዜሮ ሆነ። ባንግላዴሽ ይህን የቻለችው ለአልጫችን የምንጨምረውን ያንኑ ቅመም ይዛ ነው። ከመጠን በላይ ደማቅ ቢጫ የሆነ፣ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የተፈጨ እርድ ከምንገዛ ሥሩን ገዝተን ብናስፈጭ ይሻላል።

ወንዶቹን ደግሞ በአል አይን ሰናያና በአቡ ዳቢ ሙሳፋህ እናገኛቸዋለን። ባትሪ የሚከፍት፣ ራዲያተር የሚበይድ፣ አሮጌ ቀለም የሚፍቅ ሰው አቧራውን በልብሱ፣ በጫማው፣ በጢሙ ይዞ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2001 በኤምሬቶች ሠራተኞች ላይ የታተመ ጥናት በኢንዱስትሪ የሚሠሩት ደም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሌሎቹ በጣም የላቀ ሆኖ አግኝቶታል። በቡናው ቤት የነበረው አባት ጋራዥ ነው የሚውለው። ቱታውን በር ላይ ያወልቃል ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ሚስቱ ሳቀች፤ «እሱ? ልጁን ሳይስም ጫማ እንኳ አያወልቅም!» ፍቅሩ ነው የሚያስቸኩለው። መጀመሪያ ቱታውን አውልቆ፣ እጁንና ፊቱን በሳሙና ታጥቦ ሕፃኗን ቢስም፣ ቱታውም ከልጆቹ ልብስ ተለይቶ ቢታጠብ፣ ከማንኛውም ወረቀት የበለጠ ይሠራል።

አሁን ወደ ሞግዚቷ ልመለስ፤ ክርክሬ የሚከብደው እዚያ ነውና። ኮንትራት ቤት ያለች ልጅ ሕፃኑን ኩይ ስትባል «አልኩልም» ማለት ከሥራዋ ጋር መጋጨት ነው። መርዝ ነው ብሎ ነግሯት መሄድ፣ ድጋፍ ካልተጨመረበት፣ ጭንቀት ሰጥቶ መሄድ ነው። ድጋፍ ስል ሦስት ዓይነት ይታየኛል። የመጀመሪያው ቃል ነው። እዚህ ያሉ እህቶች በሚናገሩት ዓረብኛ እንዲህ ማለት ይቻላል፤ «ማማ፣ ሀዳ ኩሕል ፊ ረሷስ፣ ማፊ ዜን ሐግ ቤቢ፣ ዶክተር ጎል።» (ማማ፣ ይህ ኩል እርሳስ አለበት፣ ለሕፃን ጥሩ አይደለም፣ ሐኪም ብሏል።) የመጨረሻዋ ቃል ወሳኝ ናት፤ «ሐኪም ነው ያለው» ሲባል ነገሩ በሁለቱ ሴቶች መካከል መሆኑ ይቀራል። እኔ ካየሁት፣ የአገሩ እናቶችም ልጃቸውን ይወዳሉና አብዛኞቹ ይሰማሉ። ስለ ኩሉ ባህላቸውን ሳንነቅፍ፣ «በእኛም አገር አለ፣ እኛም እየተውነው ነው» ብሎ መጀመር በሩን ይከፍታል።

ሁለተኛው ጊዜና ምርመራ ነው። በአቡ ዳቢ ኤምሬት፣ አል አይንን ጨምሮ፣ አሠሪ ለሠራተኛው የጤና መድን የመግባት ግዴታ አለበት፤ ሕጉ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ አለ። የ2022ቱ የቤት ሠራተኞች ሕግ ደግሞ በሳምንት አንድ የዕረፍት ቀን ከነክፍያው ይሰጣል። ሐኪም ፊት ስትቀርብ «ሆዴን ያመኛል፣ ድካም አለኝ» ብላ ብቻ ከተመለሰች የብረት ማነስ ክኒን ይዛ ትወጣለች። «ኩል እኳላለሁ፤ ደሜ ውስጥ እርሳስ እንዳለ ይመርመርልኝ» ማለት አለባት። ነፍሰ ጡር ከሆነች ይህ ለነገ የማይባል ነው። ባዶ ሆድ እርሳስን የበለጠ ይስባል፤ ካልሲየምና ብረት ያነሰው ሰውነትም እንዲሁ። ጾም አትጹሙ ማለቴ አይደለም፤ የጤፍ እንጀራ፣ ጎመን፣ ሰሊጥ በጾሙም ይበላል።

ሦስተኛው መነሻው አገር ቤት ነው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጁ ወደ ውጭ የምትሄድ ሠራተኛ ሠልጥና የብቃት ማረጋገጫ እንድትይዝ ያዛል። ሥልጠናው ላይ ምድጃ ማብራት፣ ልብስ መተኮስ፣ ሕፃን ማጠብ ትማራለች። ሕፃኑን ማጠብ ያስተማራት መምህር «ሕፃኑን አትኩዪው፤ ቢጫ ዱቄት አታብዪው» ለማለት ስንት ደቂቃ ይፈጅበታል? ከዚያ ወዲያ ያለውን እዚህ ያሉት ይዘው መቀጠል ይችላሉ፤ የጽዋ ማኅበሩ፣ የመስጊዱ ሴቶች፣ እድሩ፣ እቁቡ። ሰው ሲሞት ሬሳ ለመላክ በአንድ ሌሊት ገንዘብ የሚያዋጣ ሕዝብ ለዚህ የሚሆን አደረጃጀት አጣ አይባልም።

ያን ቀን ሕፃኗን በለብ ያለ ውኃ አጠብናት፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ። እናቷ ለምርመራ ቀጠሮ ልትይዝ ተስማማች፤ እርሳሱንም ለልጁ መለሰችለት። ከእንግዶቹ አንዷ፣ በአንድ ቤት ስድስት ዓመት የሠራች የከሚሴ ልጅ፣ እስከዚያ ድረስ ቃል አልተነፈሰችም ነበር። ስኒዋን አስቀመጠችና ስልኳን አወጣች። አራት ዓመት የሞላት ልጇ ከሚሴ ከአያቷ ጋር ናት። ምስሉ እየተቆራረጠ ሲመጣ እናቷ ሰላምታ እንኳ ሳይጨርሱ፣ «እማ፣ ባለፈው የላክሁልሽ የኩል ብልቃጥ የት አለ? እስኪ አምጪና አሳዪኝ» አለች።