ሐሳብን ከቀጠሮ ማዳበል

ሥራቸውንም ሐሳባቸውንም በተራ የጽሑፍ ፋይል በሚይዙ ሰዎች ዘንድ ማስታወሻው፣ ሥራው፣ ቀነ ገደቡና የወሰደው ሰዓት ሁሉ አንድ ቦታ ይቀመጥ የሚል እምነት እንደ ሕግ ጸንቷል። የእምነቱ ዋና ቤት ኦርግ ሞድ ነው፤ የሥነ ፈለክ ተመራማሪው ካርስተን ዶሚኒክ በ2003 እ.ኤ.አ. ኢማክስ ለተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ የሠሩት። ግሩም መሣሪያ ነው፤ ያስለመደው ልማድ ግን ማስታወሻን ያበላሻል። ስለ አንድ መጽሐፍ የተጻፈ አንቀጽ ከአሥር ዓመት በኋላም ይነበባል፤ «እስከ ዓርብ ይላክ» የሚለው ግን ቅዳሜ ላይ ዋጋ የለውም። በኦርግ ሞድ የቀጠሮው መስመር የግድ ከርዕሱ ሥር ይሰፍራል፤ ቀጥሎ የባሕርያት መሳቢያ የሚሉት፣ ስለ ርዕሱ የተመዘገበ መረጃ የሚሰፍርበት ክፍል ይመጣል፤ ሰዓት ከተመዘገበ ደግሞ መግቢያና መውጫው በየመስመሩ ይደረደራል። ጸሐፊው ወደ ራሱ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር የሚደርሰው ይህን ሁሉ አልፎ ነው። በየሳምንቱ የሚደጋገም ሥራማ የባሰ ነው፦ ቅንብሩ ካልተነካ በተጠናቀቀ ቁጥር ቀን ያለበት መስመር ይጨመራል፣ በዓመት 52። ከጽሑፉ አንዲት ቃል ሳትነካ ፋይሉ 52 ጊዜ ተለወጠ ማለት ነው፤ የለውጡን ታሪክ በጊት የሚከታተል ሰው ሐሳቡን ያረመበትን ቀን ከዚያ ክምር ይልቀም እንግዲህ።

«መሳቢያው ይታጠፋል» ይላሉ። የሚታጠፈው ኢማክስ ውስጥ ነው፤ ያንኑ ፋይል በስልክ ላይ በተራ የጽሑፍ መክፈቻ ሲከፍቱት ሁሉም ተዘርግፎ ይጠብቃል። በየትኛውም ፕሮግራም ይነበባል ተብሎ አልነበረም እንዴ ተራ ጽሑፍ የተመረጠው? ከበድ የሚለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ «ደውል» የሚል መስመር ለማንና ስለ ምን እንደሆነ ካልተናገረ ምን ይረባል? እውነት ነው፣ ሥራ ያለ ዐውዱ ባዶ ነው። ይሁንና ዐውዱን ለማግኘት አብሮ መኖር አያስፈልግም። ጂና ትራፓኒ በጀመሩት፣ ቱዱ ቲኤክስቲ በተባለው የሥራ ዝርዝር አጻጻፍ አንድ መስመር አንድ ሥራ ነው፤ ቅድሚያው በቅንፍ ያለ ፊደል፣ ፕሮጀክቱ የመደመር ምልክት የቀደመው ቃል። በመስመሩ መጨረሻ የማስታወሻውን ፋይል ስም መጻፍ ይበቃል። ሥራው ማስታወሻውን ይጠቁማል፤ ማስታወሻው ስለ ሥራው አያውቅም፤ ሥራው ሲያልቅ መስመሩ ይሰረዛል፣ ጽሑፉ አይነካም። የሚያስከፍለው ዋጋ ግን አለ፦ የፋይሉ ስም ከተቀየረ ጥቆማው ይበጠሳል። ስለዚህ ስሙ አንዴ ከወጣለት አይነካ።

ቃለ ጉባኤ ብቻ ለየት ይላል። «ሪፖርቱን እገሌ እስከ ወሩ መጨረሻ ያቅርብ» የሚለው ውሳኔ ራሱ የስብሰባው ታሪክ ነውና እንደ ማንኛውም ዓረፍተ ነገር እዚያው ይኑር። ሪፖርቱ ቀረበ ወይስ ተራዘመ፣ ደግሞስ ስንቴ ተራዘመ የሚለው ግን የሥራ ዝርዝሩ ጉዳይ ነው።